ኮሶ ታየኝ፣ ኮሶ ልጠጣ?

«የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ ኮሶ ይታየኛል። ነጭና ጠፍጣፋ ቁራጭ ሳላስበው የውስጥ ልብሴ ላይ አገኛለሁ። ፋርማሲ ሄጄ አልቤንዳዞል አንድ ፍሬ ሰጡኝ፤ ዋጥኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። እናቴ ከገበያ ኮሶ ገዝታለች። ‹አባትህ በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፣ ምንም አልሆነም። ተክል ነው፣ እንደ ኪኒን ኬሚካል የለበትም› ትለኛለች። የ4 ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው እህቴም ታይቷታል። የ7 ዓመት ልጇ ደግሞ ሆዴን እያለ ስለሚያስቸግር ሦስታችንም አብረን እንድንጠጣ ታስቧል። ከእኔ ተላልፎባቸው ይሆን? ስንት ማንኪያ ነው የሚጠጣው? እንዳይመለስብኝስ ምን ላድርግ?»

ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ አልነግርዎትም፤ እንዲጠጡት አልመክርምና። እርስዎ ይተዉት። እህትዎ ጨርሶ እንዳትነካው። ልጇም እንዳይቀምሰው። ይህን የምለው ኮሶ የባህል መድኃኒት ስለሆነ ንቄው አይደለም። ኮሶ ይሠራል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ትሉን የሚያደነዝዘው ነገር ሰውንም ይጎዳል፤ ትሉን በሚያስለቅቀው መጠንና ሰውን በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ትንሽ ነው። በአንድ ቀን፣ ያን ሁሉ ስቃይ ሳያስከትል የሚፈውስ መድኃኒት እያለ ራስዎን ለዚህ የሚያጋልጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ኮሶ በደጋው አገራችን፣ በተለይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የሚበቅል ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው፣ ተንዠርግጎ የሚወርደው የሴቷ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ዛፉንም አጠጣጡንም ገልጾ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር፤ በየአገሩ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብም ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን የያዙት ዕውቀት ተራ ነገር አልነበረም። ሆኖም መጠጡ ቀላል እንዳልሆነ እነሱም ያውቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ገና ካሣ ሳሉ ባላንጣዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ይሰድቧቸው እንደነበር ይታወቃል። በዚህ ስድብ የፎከሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ሲማረኩ ካሣ የቀጧቸው ኮሶ በማጠጣት ነው ይባላል። ቅጣት ሆኖ የሚሰጥ መጠጥ ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አዘገጃጀቱን ላስታውስዎ፤ አንድ ቁም ነገር አለበትና። የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ማታ በውሃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ዝቃጩ ሳይጠለል፣ እየተማሰለ በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። ምሬቱ ተረት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ አፍ በምራቅ ይሞላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ቀጥሎ ተቅማጡ ይመጣል። ድሮ በትላልቅ ሰዎች ቤት «ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለስ ነበር። ቀኑ ለኮሶው ብቻ የተተወ ነበር።

ቁም ነገሩ «ዝቃጩ ሳይጠለል» የሚለው ነው። በኮሶ አበባ ውስጥ ትሉን የሚያጠቁት ኮሶቶክሲንና መሰሎቹ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ዝቃጩ ከተጣለ መድኃኒቱም አብሮ ይጣላል። በአልኮልና በቅባት ግን ይሟሟሉ። ስለዚህ አንዳንዶች ኮሶውን በአረቄ የሚወስዱት ወይም ወዲያው ቅባት ያለው ነገር የሚበሉበት ልማድ መርዙ ከአንጀት አልፎ ወደ ደም እንዲገባ መንገድ ይጠርጋል። ለትሉ የታሰበው ለጉበት፣ ለልብና ለዓይን ይተርፋል።

እናትዎ «ኬሚካል የለበትም» ማለታቸው እዚህ ላይ መታረም አለበት። ኮሶቶክሲን ኬሚካል ነው። ዛፍ ስለሠራው የዋህ አይሆንም። ፋብሪካ ከሚያመርተው ኪኒን የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ኪኒኑ ላይ ሚሊ ግራሙ ተጽፏል፣ ኮሶው ላይ አልተጻፈም። አበባው መቼ ተለቀመ? ስንት ዓመት ተቀመጠ? የወንዱ ዛፍ አበባ ተቀላቅሎበታል? ሻጯም ሆነች እናትዎ ይህን ማወቅ አይችሉም። የቆየ ኮሶ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አዲሱ ይበረታል። ከአንዱ ሻጭ የተገዛ ማንኪያ ትሉን ሳይነካ ያልፋል፤ ያው ማንኪያ ከሌላው ሲገዛ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። «ስንት ማንኪያ?» ለሚለው ጥያቄዎ ታማኝ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። ብዙ ኮሶ ጠጥተው ዕይታቸው የደበዘዘ፣ የባሰባቸውም ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የሚጎዳው የዓይን ነርቭና ሬቲና ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት ኮሶና አንድ የእንቆቆ ዘመድ የሆነ ተክል ለጫጩቶች ተሰጥተው በዓይናቸው ላይ ጉዳት ታይቷል። የዓይን ነርቭ ከሞተ መልሶ የሚያድነው መነጽርም ቀዶ ሕክምናም የለም። የኮሶ ትል ደግሞ፣ እንዳስጠላዎት ባውቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ለከባድ አደጋ አይዳርግም። ቀላል በሽታን ለማከም ዓይንን አስይዞ መጫወት አይገባም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። «ክፉኛ ካስቀመጠኝ በደንብ ሠርቷል ማለት ነው» ይባላል። አይደለም። ተቅማጡ የመጠጡ ኃይል ምልክት ነው እንጂ የትሉ መሞት ማስረጃ አይደለም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ካልወጣለት በማግሥቱ ይደግመዋል። በጣም አደገኛው ይሄ ነው። ትናንት የጠጣው ከሰውነቱ ሳይወጣ ሌላ ይጨምርበታል፤ ያውም ውሃው አልቆ በደከመ ሰውነት ላይ።

አባትዎ በየሁለት ወሩ ይጠጡ እንደነበር ጽፈውልኛል። ምንም አለመሆናቸው ደስ ይላል። ግን ለምን በየሁለት ወሩ?

የኮሶ ትል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ጠፍጣፋ ቁራጮች የተቀጣጠለ ነው። እርስዎ የሚያዩት ከጫፉ የሚበጠሱትን፣ በእንቁላል የተሞሉትን ነው። እነዚህ በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ስለሚወጡ ነው ሰገራ ሳይኖር ልብስ ላይ የሚገኙት። ዋናው ግን ሌላኛው ጫፍ ነው። ትሉ ወደ ላይ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከ2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ጭንቅላት ያበቃል። በዚህች ጭንቅላት ላይ 4 መጣበቂያዎች አሉ፤ በእነሱ አንጀትን ይዞ ይቀመጣል። ቁራጮቹን የሚያበቅለውም ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው ቀጭን አንገት ነው። ኮሶ የትሉን ጡንቻ ያደነዝዛል፤ ተቅማጡ ገመዱን ጠርጎ ያወጣል። ጭንቅላቷ ከቀረች ግን ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ትሉ እንደገና አድጎ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። አባትዎ በየሁለት ወሩ የጠጡት ብዙ ጊዜ ያንኑ ያልተነቀለ ትል ሳይሆን አይቀርም። ጥሬ ሥጋ ሳያቋርጡ ይበሉ ከነበረ ደግሞ አዲስም ይጨመርባቸዋል። በየሁለት ወሩ መጠጣቱ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ የሚያሳየው መድኃኒቱ ሥራውን አለመጨረሱን ነው።

ወደ አልቤንዳዞሉ ልምጣ። ፋርማሲው የሰጠዎት አንድ ፍሬ ለወስፋት ደህና መድኃኒት ነው፤ ለኮሶ ግን አንድ ጊዜ ተውጦ አይታመንም። ሜቤንዳዞልም እንደዚሁ። «የትል መድኃኒት ስጡኝ» ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመዘዘው ይሄው ስለሆነ ብዙ ሰው «ኪኒን ለኮሶ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ኪኒኑ የሌላ ትል ኪኒን ነው። ሲገቡ «ትል አለብኝ» ከማለት «ኮሶ ታይቶኛል፣ ቁራጩን በዓይኔ አይቻለሁ» ቢሉ ይህ ስህተት ይቀንሳል።

የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ፕራዚኳንቴል ነው። ለኮሶ የሚሰጠው በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቢበዛ ባለ 600 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ማለት ነው። ይኸው መድኃኒት ለቢልሃርዚያ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ ሰው ሲያምታታው አያለሁ፤ ለምን እንደፈለጉት በግልጽ ይናገሩ። ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ፣ ሳይታኘክ ይዋጣል። ትንሽ የራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የሆድ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ሁለተኛው ኒክሎሳማይድ ነው። ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 4 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ በደንብ ታኝኮ ይዋጣል። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሥራው ትሉ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ጭንቅላቷን ይገድላሉ። ከኮሶ የሚበልጡት በዚህ ነው።

ፕራዚኳንቴልን ግን እንደ ከረሜላ ገዝተው የሚውጡት አይደለም። የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ስለሚያወርደው አብረው አይሰጡም። የሚጥል በሽታ ካለብዎት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥና ከባድ የራስ ምታት ካስቸገረዎት መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። በአገራችን አብዛኛው ኮሶ ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ነው። ከአሳማ ሥጋ የሚመጣው ዘመዱ ግን አንጎል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ፕራዚኳንቴል ያለ ዝግጅት ከተሰጠ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል።

መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ረጅም ገመድ ሲወጣ ካላዩ አይደናገጡ። ኮሶ የጠጣ ሰው ሙሉውን ትል አይቶ፣ አንዳንዱም በውሃ አጥቦ ጭንቅላቱን ፈልጎ ነው የሚረካው። በእነዚህ መድኃኒቶች የሞተው ትል ግን እዚያው አንጀት ውስጥ ሊፈጭ ይችላል። ብዙ ሰው «ምንም አልወጣኝም» ብሎ በሳምንቱ ኮሶ የሚጠጣው ይህን ስለማያውቅ ነው። መዳንዎ የሚታወቀው ቁራጭ መታየቱ ሲቀርና ከ1 ወርና ከ3 ወር በኋላ የሚደረገው የሰገራ ምርመራ ንጹሕ ሲሆን ነው። የ3 ወሩን አይዝለሉት። ጭንቅላቷ ቀርታ ከሆነ የምትታወቀው ያኔ ነው።

ስለ እህትዎ አጥብቄ ልናገር። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጽንስ በማስወረድ የሚታወቅ ነው፤ ለዚህ ብለው የሚጠጡትም አሉ። በዚያ ላይ ትውከቱና ተቅማጡ ብቻውን ለእናትም ለጽንስም ከባድ ነው። ትሉ ግን ጽንሱን አይነካም። ብዙ ጊዜ ሕክምናው እስክትወልድ ሊቆይ ይችላል፤ አሁን መታከም ካለባት ደግሞ ለእርግዝናዋ ክትትል ስትሄድ ትንገራቸውና ሐኪሙ ይወስን። በእንቆቆ ለመተካትም አታስብ። በእንቆቆ ውስጥ ያለው ኤምቤሊን በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የመራባት አቅምን ሲያውክ ታይቷል። የቅድሙን የጫጩቶቹን ዓይንም አይርሱ።

ልጁ ሆዴን ስላለ ኮሶ አለበት ማለት አይደለም። ቁራጭ ታይቶታል? አልጻፉልኝም። በዚህ ዕድሜ የሆድ ሕመም ከወስፋት፣ ከጃርዲያ፣ ከድርቀት ወይም ከሌላ ብዙ ነገር ይመጣል። ኮሶ ደግሞ ለወስፋትም ለጃርዲያም መድኃኒት አይደለም። የሰገራ ምርመራ ቀላልና ፈጣን ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይደረግ። በ7 ዓመት ልጅ ላይ የኮሶ ተቅማጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሟጥጥ የሚያውቅ ሰው ጽዋውን አያቀርብለትም። በልጅ የሰውነት ክብደት ለአዋቂ እንኳ መጠኑ የማይታወቅ ነገር መስጠት እኔን ያስፈራኛል።

ከእርስዎ ተላልፎባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። የበሬው ኮሶ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። አብሮ በመተኛት፣ አብሮ በመብላት፣ ሽንት ቤት በመጋራት አይያዝም። እርስዎም እህትዎም የያዛችሁ ትንሹ እጭ ያለበትን ሥጋ ሳይበስል በልታችሁ ነው፤ ምናልባትም ከአንድ ቅርጫ።

እንዳይመለስ ማድረጊያውም እዚያው ላይ ነው። ቁርጥ፣ ክትፎ ለብለብ፣ ጎረድ ጎረድ፦ ሦስቱም እጩን አይገድሉም። አዋዜና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። ከላይ የሚጨመረው አረቄም አይገድለውም። የተለመደው ፍሪጅ ትኩስነቱን ይጠብቅለታል እንጂ አይጎዳውም። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሃል ከ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ። ጥሬውን መተው ካልቻሉ፣ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ 10 ቀን ሙሉ ቢቆይ እጩ ይሞታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን ይህን አልተማመንበትም። የቄራ ማኅተምም የተሟላ ዋስትና አይደለም። መርማሪው ሥጋውን የሚሰነጥቀው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ ጥቂት እጭ ያለበት በሬ ያልፋል። ማኅተም የሌለው ግን ከነጭራሹ አልታየም።

ሌላው ግማሽ ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው። በሬው የሚያዘው ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ነው። አንዲት ቁራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። እስኪድኑ ድረስ ሽንት ቤት ብቻ ይጠቀሙ፤ ገጠር ያሉ ከብት አርቢ ዘመዶችዎንም ይህን ያስረዷቸው።

«መተሬስ? የዱባ ፍሬስ?» የሚል አይጠፋም። መተሬ ተስፋ ሰጪ ተክል ነው፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም ሠርተውበታል። ሆኖም ከገበያ የሚገዛው ዱቄት እንደ ኮሶው ሁሉ መጠኑ አይታወቅም። የዱባ ፍሬ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱም ትንሽ ነው። መብላት ይችላሉ፤ ለኮሶ ግን አይመኩበት።

ይህን ሲያነቡ ኮሶውን ጠጥተው ከሆነ አይድገሙት፤ አረቄም ቅባትም አይጨምሩበት። ለተቅማጡ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ዓይንዎ ከደበዘዘ ወይም ቀለም ከተለወጠብዎ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም የልብ ምትዎ ከተዛባ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነገ ይሻለኛል ብለው አይደሩ። የተረፈውን ዱቄት ይዘው ይሂዱና ምን እንደጠጡ፣ መቼ እንደጠጡ ሳያፍሩ ይንገሯቸው፤ ሐኪሞቹ ጊዜ እንዳያባክኑ ይረዳቸዋል።

ካልጠጡ ደግሞ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ሰገራዎን ያስመርምሩ። ቁራጩን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ቢሄዱ ይበልጥ ይረዳል። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ክብደትዎንም እዚያው ያስለኩ። እናትዎ የገዙትን ኮሶ ልጁ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።